ደሬ፣ ገበሬ ማኅበር፣ ቀበሌ፦ ስብሰባ ስንጠራ ሰው ለምን አይመጣም?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጊዜ የሌለው ማታ ይመለስበት።

ነገሩ የተነሣው በስልክ ነው። ከዓመታት በፊት ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ዛሬ በደጋው ጋሞ የአንድ ገጠር ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። (የልጁንም የቀበሌውንም ስም አልጠራም፤ ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው።) ባለፈው ሳምንት ደወለና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «ስብሰባ ስንጠራ ሰው አይመጣም። ሦስት ጊዜ ቀጠርን፣ ሦስቴም ኮረም አልሞላም። ያው ሰው ግን በማግሥቱ ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እኛ ምን አጥፍተን ነው?»

አጀንዳችሁ ምን ነበር አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ነገረኝ። ወረዳው ለወጣቶች የሥራ ሼድ የሚሆን ቦታ አዘጋጁ ብሏል። በቀበሌው መዝገብ ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ የተጻፈ አንድ ሜዳ አለ። ሜዳው ደግሞ ዱቡሻው ነው።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ፤ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ አጥ ወጣቶች በየቀኑ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ወረዳው በየቀኑ ሪፖርት ይጠይቀዋል። በስልክ አጭር መልስ ሰጠሁት፤ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያስተማርኩትን ታሪክ አስታወስኩ። ስለ አድዋ አስተምሬዋለሁ፣ ስለ ፈረንሳይ አብዮትም አስተምሬዋለሁ። እሱ ስለሚቀመጥበት ወንበር፣ ማለትም ስለ ቀበሌ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አላስተማርኩትም። መጽሐፉ ላይ አልነበረም። እነሆ ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ከቀበሌ በፊት ደሬ ነበር። ደሬ በጋሞኛ አገርም ነው፣ ሕዝብም ነው። ዶርዜ ደሬ ነው፣ ዶኮ ደሬ ነው፣ ኦቾሎ፣ ዲታ፣ ቦንኬ፣ ቦረዳ እያለ ይቀጥላል፤ አርባ ገደማ ናቸው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ባለው ደጋ ላይ እያንዳንዱ የራሱ ወሰን፣ የራሱ ገበያ፣ የራሱ ወጋ (ማለትም ሕግና ልማድ) ነበረው። ሁሉንም ጠቅልሎ የሚገዛ አንድ ንጉሥ አልነበረም። በየደሬው ካዎ አለ፤ ካዎ ስለ ምድሩና ስለ ሕዝቡ የሚሠዋ፣ የሚመርቅ፣ በዘር የሚተካ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ «ንጉሥ» እያልን እንተረጉመዋለን፤ ግን ካዎ ብቻውን ፈርዶ፣ ብቻውን አዝዞ አያድርም። ነገር የሚያልቀው ዱቡሻ ላይ ነው።

ዱቡሻ የሰፈር አለ፣ የደሬው ሁሉ የሆነም አለ። ሣሩ አይታረስም፣ ዛፉ አይቆረጥም። የወሰን ጠብ፣ የጋብቻ ጣጣ፣ የግጦሽ ነገር፣ ከጎረቤት ደሬ ጋር ያለ ቂም፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። ሰው በየተራ ይናገራል። በእጅ ብልጫ አይቆጠርም፤ የሚሰማሙበት ቃል እስኪገኝ ይነጋገራሉ፣ ካልሆነ ደግሞ ሌላ ቀን ይቀጥራሉ። ከስምምነቱ የወጣ ሰው ጎሜ ይደርስበታል ተብሎ ይታመናል፤ ጎሜ ማለት ወጋ በመጣስ የሚመጣ መቅሠፍት ነው፤ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይሞታል፣ ልጅ ይታመማል። ፖሊስ ያልነበረበት አገር እንዴት ተዳደረ ለሚል ሰው መልሱ በከፊል እዚህ ውስጥ ነው።

ማርክ አቤሌስ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ ከሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ ኦቾሎ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። ኦቾሎን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአርባ ምንጭ ሰሜን፣ አባያን ቁልቁል የሚያይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ አገር ነው። ሰውየው ያጠናው ጉባኤውን ነው፦ ማን ይናገራል፣ የት ይቀመጣል፣ ነገር እንዴት ያልቃል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1983 በፈረንሳይኛ ወጣ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሠራው ነው፤ ሄዶ የአውሮጳ ፓርላማንና የፈረንሳይን ምክር ቤት በዚያው ዓይን ማጥናት ጀመረ። የእኛን ሽማግሌዎች ያየበትን መነጽር ይዞ ስትራስቡርግ ገባ ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁሌ ይስቁ ነበር።

አሁን ወደ ሀላቃ ልምጣ፤ ምክንያቱም የቀበሌ ሊቀመንበርን ለመረዳት ሀላቃን ማወቅ ይጠቅማል። ቃሉ «አለቃ»ን ይመስላል። ሥራው ግን ሌላ ነው። ሀላቃ በዱቡሻ ተመርጦ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚያገለግል፣ የጉባኤውን ቃል ወደ ሰው የሚያደርስ፣ ጠበኞችን የሚያቀርብ፣ ተራው ሲያልቅ የሚወርድ ሰው ነው። (በየደሬው ስሙም ሥርዓቱም ይለያያል፤ ኮሜንት ላይ «የእኛ እንዲህ አይደለም» የምትሉኝን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እውነታችሁን ነው።) ሀላቃ ለመሆን ሰውየው ይደግሳል። ቅቤ፣ ገብስ፣ ከብት፣ ስንት ዓመት ያጠራቀመውን አውጥቶ አገሩን ያበላል። ቅቤ ተቀብቶ፣ በሚስቱ ታጅቦ ገበያ ይዞራል፤ በመስቀል ሰሞን ዶርዜ የሄዳችሁ አይታችሁታል።

እኛ በአማርኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። የጋሞ ሹመት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሲሾም ያላበላ አይሾምም። ሥልጣኑን የሚያገኘው በማውጣት ነው፣ በማግባት አይደለም። ሲወርድም ክብር እንጂ ሀብት ይዞ አይወርድም።

ነገር ግን አላሳምረውም፤ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ የቱሪስት አስጎብኚ አይደለሁም። ዱቡሻ ላይ ሴት አትናገርም ነበር። ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች ከጉባኤው ውጭ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ጋብቻ የለም፣ አብሮ መብላት የለም። የባሪያ ዘር ተብሎ የሚታወቅ ሰውም እንዲሁ። ሁሉም የሚናገርበት ጉባኤ ስንል፣ ያ «ሁሉም» ማላ የሆነ ወንድ ማለት ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1880ዎቹ መጨረሻ የምኒልክ ጦር ደጋውን ያዘ። ጨንቻ የገዢዎች ከተማ ሆነች። ነፍጠኛ መጣ፣ ገባር መጣ። ብዙዎቹ ካዎዎች ባላባት ተባሉና ሲሶ ተቆረጠላቸው፤ ከእነሱ በታች ጭቃ ሹም ግብር ሰብሳቢና የሥራ ጠሪ ሆነ። እዚህ ላይ የታሪኩ የመጀመሪያ ስንጥቅ አለ። ካዎ ወደ ታች የሚመርቅ ሰው ነበር፤ ባላባት ሲሆን ወደ ላይ ግብር የሚያቀርብ ሰው ሆነ። አንድ ሰው፣ ሁለት ፊት። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ምክትል ወረዳ እየተባለ ተደራጀ፤ ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሆነ፤ ዋና ከተማውም በ1950ዎቹ አጋማሽ ከጨንቻ ወደ ቆላ ወርዶ አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። የጉልት መብት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ፤ የባላባቱ ጥላ ግን ቀረ።

ሆኖም ልብ በሉ፦ በዚህ ሁሉ ዘመን ከምክትል ወረዳው በታች መንግሥት አልነበረም ማለት ይቻላል። ግብሩን ካገኘ፣ ሰው በየዱቡሻው ምን እንደሚመክር ግድ አልነበረውም። ንቀት ነው፤ ግን ንቀቱ ዱቡሻን አተረፈው።

ከዚያ 1967 መጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። «መሬት ላራሹ» ብለው የጮኹት ተማሪዎችና መምህራኖቻቸው ቀድመው በእድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ተበትነው ነበር። አብዛኞቻችሁ ከአዋጁ የምታስታውሱት የመሬቱን ነገር ነው፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ አይዝም የሚለውን። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ዋናው ሌላ ነው፤ ቢያንስ 20 ጋሻ (800 ሔክታር) በሆነ ስፋት ላይ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም ይላል። ማኅበሩ መሬት ያከፋፍላል፣ ፍርድ ሸንጎ ያቋቁማል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይመሠርታል፣ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይሠራል፣ የሽማግሌውንና የድውዩን መሬት ያሳርሳል። እስቲ አስቡት። መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበሬው «ዳኛውም አንተ፣ አከፋፋዩም አንተ» አለው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የተከተለው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ — ይቅርታ፣ ታኅሣሥ ያልኩት 1968 ነው — ማኅበሩን በሕግ ሰውነት ያለው አካል አደረገው።

«ቀበሌ» የሚለው ስም ግን በሕግ የመጣው በከተማ በኩል ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ፣ በከፍተኛ፣ በማዕከል አደራጀ። ገጠሩ ገበሬ ማኅበር ነበር፤ ለዚህ ነው ሽማግሌዎቻችን ዛሬም «ማኅበር ጠራን» የሚሉት። ስሙ ሲለወጥ ሐሳቡም ተለወጠ ብዬ አምናለሁ። ማኅበር አባል አለው። ቀበሌ ነዋሪ አለው።

በደጋው ጋሞ 20 ጋሻ የሚለው መለኪያ ምን ማለት ነበር? እዚያ መሬቱ እንሰት በጓሮ፣ ገብስ በእርከን ነው፤ ሰው ተጠጋግቶ ይኖራል። የሚካፈል ሰፊ ርስት ብዙ አልነበረም፤ ሰፋፊው እርሻ ታች፣ በአባያ ዳር ነበር፣ እሱም የመንግሥት እርሻ ሆነ። ስለዚህ ደጋ ላይ ከመሬቱ ክፍፍል ይልቅ የጎላው የድንበሩ ክፍፍል ነው። አንድ ደሬ ብዙ ገበሬ ማኅበር ሆነ። ዶኮ አንድ ደሬ ነው፤ በመዝገብ ግን ዶኮ ማሾ፣ ዶኮ ሎሻ እየተባለ ይከፈላል። ስሙ የደሬው ነው፣ ማኅተሙ የመንግሥት ነው። ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ሌላ መልክ ታያላችሁ፤ ላንቴ፣ ጫኖ ሚሌ፣ ቆላ ሻራ፣ የሙዝ አገር። ኦቾሎ ላንቴ የሚለው ስም ራሱ ሰዎቹ ከየት እንደወረዱ ይናገራል።

የመጀመሪያው ዓመት ተስፋው እውነተኛ ነበር። እናም የያዝነውን ነገር አሁን ልፍታው፦ በሕጉ ፊት ሸክላ ሠሪውም፣ ፋቂውም፣ የባሪያ ልጅ የተባለውም የማኅበር አባል ሆነ፣ የመሬት ባለይዞታም ሆነ። በወረቀት እኩል መሆን በማዕድ እኩል መሆን አይደለም፤ ጋብቻው ዛሬም በብዙ ቦታ እምቢ ብሏል። ግን በዱቡሻ ያልተቆጠረ ሰው በመዝገብ ተቆጠረ። ዱቡሻን የምናወድስ ሁሉ ይህን ሳንናገር ማለፍ የለብንም። አንድ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የድሮ ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ዱቡሻ ሲሉ ደስ ይልዎታል፤ አባቴ ግን እዚያ ሳሩን እንኳ አልረገጠም» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ ዱቡሻ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ተስፋው ብዙ አልቆየም። ማኅበሩ ወደ ላይ መሰላል ይሆናል ሲባል ወደ ታች ቧንቧ ሆነ። የእህል ኮታ መጣ፤ ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ የሚያስገድደው ማን ነው? ሊቀመንበሩ። በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፤ የጎረቤቱን ልጅ መልምሎ የሚልከው ማን ነው? ያው ሊቀመንበሩ። መንደር ምሥረታ፣ መዋጮ፣ ሰልፍ፣ ሁሉም በእሱ እጅ አለፈ። ገበሬው መርጦ ያቆመው ሰው በማታ በሩን የሚያንኳኳበት ሰው ሆነ። የእኔ ትውልድ ያንን የበር ድምፅ ያውቀዋል። ሌላ አልጨምርም።

በዚያው ጊዜ ሀላቃውና ሥርዓቱ «ኋላ ቀር ልማድ» ተብሎ ተወገዘ፣ በየቦታው ታገደ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው ማንንም ሳይጠብቅ መሬቱን ተካፈለ። ሥርዓቱ በ1983 ወደቀ። ከዚያ በኋላ በየደጋው ሀላቃ መሾም ተመለሰ። ዴና ፍሪማን የምትባል እንግሊዛዊት ተመራማሪ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዶኮ ማሾ ተቀምጣ ይህን ጽፋዋለች፤ ሥርዓቱ የማይለወጥ ቅርስ አይደለም፣ ሽማኔው ሽሮ ሜዳ ሄዶ ባገኘው ገንዘብ ድግሱ ሲያብጥ፣ ጴንጤ የሆነው «ይህ ጣዖት ነው» ብሎ ሲወጣ፣ ጉባኤው ራሱ እየመከረ ሲያሻሽለው፣ ሥርዓቱ ሁሌ በእንቅስቃሴ ላይ ነበር ትላለች። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው።

ቀበሌስ? ቀበሌ አልፈረሰም። አስቡት፣ አብዮት ያመጣው ብዙ ነገር ሲፈርስ ቀበሌ ተረፈ። አዲሱ መንግሥት ስሙን ጠራርጎ፣ መዝገቡንና ጽሕፈት ቤቱን ተረከበ። ለምን ቢባል፣ እጅግ ጠቃሚ ዕቃ ስለሆነ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ላይ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ፣ በቂ ሥልጣን ይሰጣል ተብሎ ተጽፏል። በ1994 ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መሰጠት ተጀመረ። ወረዳ ላይ ግን ቆመ። ቀበሌ ሥራ እንጂ በጀት አልተሰጠውም፤ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የግብርና ልማት ሠራተኛውን፣ በኋላም ሥራ አስኪያጁን የሚቀጥረውና የሚከፍለው ወረዳ ነው። እንግዲህ ልጄ የሚከፍለው ወረዳ፣ የሚገመግመው ወረዳ ከሆነ፣ ወደ የት ይመልከት? እኔ ብሆንስ?

ከ1997 ምርጫ በኋላ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ አለ፤ ከዚያ የልማት ቡድን፣ ከዚያ አንድ ለአምስት። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ከዱቡሻ የበለጠ ሕዝባዊ ነው። ግን ልዩነቱ ይህ ነው፦ ዱቡሻ ላይ ነገሩ ከሰው ይነሣል፤ አንድ ለአምስት ውስጥ ነገሩ ከላይ በወረቀት መጥቶ ወደ ላይ በቁጥር ይመለሳል። «ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ? ስንት እናት ወለደች? ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ?» የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ከሚያዝያ 2005 በኋላ ቀጠሮው እየተላለፈ ቀረ። የተመረጡት ሰዎች ዘመን አለቀ፣ አንዳንዱ ሄደ፣ አንዳንዱ ሞተ፣ ቦታው በምደባ ተሞላ። ሀላቃ እንኳ ተራው ሲያልቅ ይወርዳል።

ፍርዴ እንዳይጎድል ሌላውንም ልበል። ከ1996 ወዲህ በየቀበሌው የገቡት ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ልጆች የሠሩትን የትኛውም ዱቡሻ አልሠራም። ክትባት በደጅ ደርሷል። በደቡብ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጽፏል፤ ዱቡሻ ላይ አፏን ያልከፈተች እናት በደብተር ላይ ከነፎቶዋ አለች። ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ማን ረሃብተኛ እንደሆነ የለየው የቀበሌ ኮሚቴ ነው፤ አድልዎ አልነበረውም አልልም፣ ግን ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚለየው አልነበረም። ቀበሌ ይጥፋ የሚለኝ ሰው አለ፤ እኔ አልልም።

ከላይ ያለው ካርታማ ስንቴ ተለዋወጠ! ሰሜን ኦሞ ነበርን፤ በ1992 ወጋጎዳ የሚባለው የቋንቋ ጉዳይ በወላይታ ሶዶ ደም አፋሰሰ፤ በ1993 ተከፍለን ጋሞ ጎፋ ዞን ሆንን፤ በ2011 ጋሞ ለብቻው፣ ጎፋ ለብቻው ዞን ሆኑ፤ ነሐሴ 2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ጋጮ ባባ፣ ጋርዳ ማርታ እየተባለ አዳዲስ ወረዳ መጣ። እያንዳንዱ ለውጥ በጭብጨባ፣ በሰልፍ፣ አንዳንዴም በለቅሶ ሆነ። ለእንሰት ባለቤቷ ሴትዮ ግን የምትሄድበት ቢሮ ያው ቀበሌ፣ የምትጠብቀው ማኅተም ያው ማኅተም ነው። ክርክራችን ሁሉ ስለ ላይኛው ወለል ነው፣ ስለ ምድር ቤቱ ማንም አይከራከርም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በኢንዶኔዥያ፣ በምዕራብ ሱማትራ፣ የሚናንግካባው ሕዝብ ናጋሪ የሚባል የራሱ የመንደር ሥርዓት ነበረው፤ ልክ እንደ ደሬ ስፍራም ሕዝብም ጉባኤም። የሱሃርቶ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ሕግ አገሩ ሁሉ «ዴሳ» በሚባል አንድ ዓይነት፣ ከጃቫ የተቀዳ እርከን ይደራጅ አለ። ናጋሪው ተቆራርጦ ዴሳ ሆነ። ሱሃርቶ ከወደቀ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ክልሉ በሕግ ወደ ናጋሪ ተመለሰ፤ የአባቶች ጉባኤ ከተመረጠው አስተዳደር ጎን ተቀመጠ። ሁሉም ሰመረ ማለት አይደለም፤ ወሰኑ አጨቃጨቀ፣ ወጣቱና ሴቱ «እኛስ?» አሉ። ግን ጥያቄውን በአደባባይ ጠየቁት። እኛ ገና አልጠየቅነውም።

መስከረም 2011ን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን፣ ብዙዎቹ የዶርዜ ሽማኔዎች፣ ተገደሉ፣ ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ፤ ሊበቀል። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን ማንም አይሻገርም። ወጣቱ ቆመ፣ ተመለሰ። አገር ሁሉ ቪዲዮውን አይቶ አለቀሰ፣ አደነቀ፣ ሸለመ።

ያኔ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። ያ ሣር ከየት የመጣ ነው? የሣሩ ኃይል ዱቡሻ ላይ ለዘመናት ከተቀመጡት ሰዎች ቃል ነው የመጣው። አባቶቹን በቴሌቪዥን ካደነቅን በኋላ ሜዳቸውን «ክፍት ቦታ» ብለን መዝገብ ላይ እንጽፋለን። ክፍት! ሰው ለስንት ትውልድ የተቀመጠበትን ቦታ!

ወደ ልጁ ልመለስ። በስልክ ያልኩት ይህን ነው። አንደኛ፣ አንተ ምንም አላጠፋህም፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት የጀመረ ነገር ወንበርህ ላይ ተቀምጦ ጠበቀህ እንጂ። ሁለተኛ፣ ሰው ያልመጣው ስብሰባ ስለጠላ ሳይሆን መልሱ ቀድሞ የታወቀ ስብሰባ ስለሆነ ነው፤ ቦታው ተመርጦ አልቋል፣ የቀረው ፊርማ ነው። ሦስተኛ፣ ሕጉን አንብብ። በገጠር መሬት ሕጉ «የወል ይዞታ» የሚባል ነገር አለ። ዱቡሻን በወል ይዞታነት አስመዝግበው፣ ከዚያ ለሼዱ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ወረዳው ከጠየቀህ ወረቀት ይኖርሃል፤ ወረዳ ወረቀት ይገባዋል። አራተኛ፣ ስብሰባውን ጽሕፈት ቤት አትጥራ፤ ሄደህ ዱቡሻው ላይ ተቀመጥ። ግን ሴቶቹንና የሸክላ ሠሪዎቹን ሰፈር ይዘህ ሂድ። ሽማግሌዎቹ ቅር ቢላቸው አንተ መዝገብ አለህ፣ በመዝገቡ ሁሉም ነዋሪ ነው። እዚህ ላይ የቀበሌ መዝገብ ከዱቡሻው ይሻላል፣ ተጠቀምበት።

«ሥራ ያሳጡኛል ቲቸር» አለኝ። ሊያሳጡህ ይችላሉ አልኩት፤ አልዋሸሁትም።

ትናንት ማታ መልሶ ደወለ። ሄዶ ተቀምጧል። ሣሩ ላይ፣ ከዳር፣ እንደ ልጅ። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ጀምረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተናገሩ። ሼዱ የት ይሁን የሚለው አላለቀም፤ አንድ አባወራ ከመንገድ ዳር ያለ ጥግ አለኝ ብሎ አንሥቷል፣ ለሚቀጥለው ገበያ ማግሥት ተቀጠሩ። ሸክላ ሠሪዎቹ ሁለት ሰው ልከዋል፤ ቆመው ነው የሰሙት፣ ተቀመጡ ያላቸው የለም። ሴቶቹ አልመጡም። ቃለ ጉባኤውን ሲሞላ ግን ቅጹ ላይ የስብሰባው ቦታ በሚለው ፊት «የቀበሌ ጽ/ቤት» ተብሎ ቀድሞ ታትሟል፤ ምን ልጻፍ አለኝ። ሰርዝና «ዱቡሻ» ብለህ ጻፍ፣ ሥርዙ ላይ ፈርምበት አልኩት።

አንድ ልመና አለኝ። በየአገራችሁ ዱቡሻ የነበረ፣ ዛሬ ሌላ ነገር የተሠራበት ቦታ የምታውቁ ስሙንና የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አሮጌ ፎቶ ያላችሁም እንዲሁ፤ በተለይ ከ1967 በፊት የተነሣ ካለ። የሰው ስም አትጻፉ፣ የቦታው ይበቃኛል።